የአየር አረፋ ውሃ ውስጥ ለምን ቀጥ ብሎ አይወጣም? (የልጄ ጥያቄ ነው)

እናት_ከሰሚት · ማክሰኞ ማታ 2:20

ሰላም ናችሁ? አንድ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። የልጄ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም።

ቅዳሜ ምሳ በልተን አምቦ ውሃ ከፈትን። ብርጭቆዋን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ ስታይ ቆየች። ከብርጭቆው ግድግዳ፣ ከአንዲት ነጥብ እየተነሱ፣ ትናንሽ አረፋዎች እንደ ክር ተሰልፈው ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ከዚያ ተነሳችና ሌላ ብርጭቆ ተራ ውሃ ሞላች። ስትሮ ከተተችበትና ቀስ ብላ ነፋች። እነዚህኞቹ ቀጥ አላሉም። ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ፣ አንዳንዱም እየዞረ ነው የሚወጣው።

«እማዬ፣ የአምቦው ለምን ቀጥ አለ? ይሄኛውስ ለምን ይወላገዳል?» አለችኝ። «አየር ከውሃ ስለሚቀል ነው የሚወጣው» አልኳት። «እሱንማ አውቃለሁ። ቀላል ከሆነ ለምን ቀጥ ብሎ አይሄድም? ወደ ጎን ማን ገፋው?» አለች።

መልስ አጣሁ። እኔ የተማርኩት ሂሳብ አያያዝ ነው። «እንዲሁ ነው» ብዬ ማለፍ ግን አልፈለግሁም። የምታውቁ ንገሩኝ። ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ እመርቃችኋለሁ።

ቢኒ_መገናኛ · ማክሰኞ ማታ 2:35

አርኪሜደስ ነው እህቴ። ከአረፋው ሥር ያለው የውሃ ግፊት ከላዩ ካለው ስለሚበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። የሚወላገደው ደግሞ ልጅቷ ስትነፋ ውሃውን ስለምታናውጠው ይመስለኛል። ውሃው ቢረጋ ቀጥ ይላል።

እናት_ከሰሚት · ማክሰኞ ማታ 2:50

አመሰግናለሁ ቢኒ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ከዚያ ውሃው እስኪረጋ ጠብቀን አንድ አረፋ ብቻ ለቀቅን። እሱም ተወላገደ።

ጡረተኛ_የፊዚክስ_መምህር · ማክሰኞ ማታ 4:10

ልጅሽን «በርቺ» በይልኝ። የጠየቀችው ትልቅ ጥያቄ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የዛሬ 500 ዓመት ገደማ ይህንኑ አይቶ በማስታወሻው አስፍሮታል። በዚህም የተነሳ ሳይንቲስቶች «የሊዮናርዶ ፓራዶክስ» (እንቆቅልሽ እንደማለት ነው) ይሉታል። ከልኬት ጋር በደንብ የሚገጥም ስሌት የተገኘለት እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። እኔ ራሴ ያነበብኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እስቲ ከሥሩ እንነሳ። አረፋውን ለጊዜው እርሺው፤ ውሃውን ተመልከቺ።

አየር ከውሃ 800 ጊዜ ያህል ይቀላል። ስለዚህ አረፋው ራሱ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ግን አንዲት ጋት ወደ ላይ ለመሄድ ከፊቱ ያለው ውሃ መልቀቅ፣ ዞሮ ደግሞ ከኋላው ያለውን ቦታ መሙላት አለበት። በበዓል ዋዜማ መርካቶ ውስጥ እንደምትሄጂው ማለት ነው። አንቺ አንድ እርምጃ ስትሄጂ ከፊትሽ ያለው ሰው ገለል ይላል፣ ከኋላሽ ይገጥማል። ብቻሽን አልተንቀሳቀስሽም።

ይሄ በቁጥር ሲታይ ደስ ይላል። ውሃው መንቀሳቀስ ባያስፈልገው ኖሮ፣ አረፋው ሲለቀቅ የሚኖረው ፍጥንጥነት ከሚወድቅ ድንጋይ ፍጥንጥነት 800 እጥፍ በሆነ ነበር። እውነተኛው 2 እጥፍ ብቻ ነው። ምክንያቱም ድቡልቡል አረፋ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ፣ ቦታውን ካስለቀቀው ውሃ ግማሹን ተሸክሞ እንደሚሄድ ነው የሚቆጠረው። ባዶ የሚመስለው ነገር ሸክም አለው።

አሁን ወደ ልጅሽ ጥያቄ። አረፋው ትንሽ ሲሆን የውሃው ገጽ ውጥረት (ገጹን እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ የሚያደርገው) ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዘው ክብ ሆኖ ይቀራል። እንደ ኳስ ነው፤ ግራ ቀኝ የለውም፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የአምቦው ይሄ ነው። ከፍ ሲልና ሲፈጥን ግን ውሃው ከላይና ከታች ይጫነዋል፣ በወገቡ በኩል ደግሞ ይለቀዋል። ስለዚህ ይጠፈጠፋል። ከጎን ብታዪው ምስር ይመስላል።

ምስር የመሰለ ነገር ደግሞ ሊያዘነብል ይችላል። ትንሽ ሲያዘነብል አንደኛው ጎኑ ይበልጥ ይጎብጣል። በዚያ ጎን የሚያልፈው ውሃ ይፈጥናል። ውሃ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። ያ የግፊት ልዩነት አረፋውን ወደነበረበት ይመልሰዋል። ሲመለስ ግን መሃል ላይ አይቆምም፤ አልፎ በሌላው በኩል ያዘነብላል። እንደገና ያው ይደገማል። ስለዚህ «ማን ገፋው?» ላለችው መልሱ «ራሱ ባጎበጠው ጎን የሚያልፈው ውሃ» ነው።

ይህን በስሌት ያሳዩት ሚጌል ሄራዳ ከሴቪያ ዩኒቨርሲቲና የንስ ኤገርስ ከብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ድንበሩንም አግኝተውታል። በውሃ ውስጥ የአረፋው ሬዲየስ 0.926 ሚሊሜትር ሲያልፍ ቀጥታው መንገድ ይፈርሳል። ዲያሜትሩ 1.85 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። ስሌቱ ከላቦራቶሪ ልኬት ጋር ያለው ልዩነት ከ2 በመቶ አይበልጥም።

ሜካኒካል_4ኛ_ዓመት · ማክሰኞ ማታ 4:40

መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። እኛ ክላስ የተማርነው ከአረፋው ኋላ የሚፈጠረው የውሃ ሽክርክሪት ነው የሚያወዛውዘው ተብሎ ነው። ሽክርክሪቱ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እየተላቀቀ አረፋውን ይገፋዋል ነው የተባልነው። ያ ስህተት ነው ማለት ነው?

ጡረተኛ_የፊዚክስ_መምህር · ረቡዕ ጠዋት 1:15

ጥሩ ጠየቅህ ልጄ። ሽክርክሪቱ አለ። አረፋው መወዛወዝ ሲጀምር ከኋላው ሁለት የተጠማዘዙ የውሃ ክሮች ይከተሉታል፤ በፎቶ የታየ ነገር ነው። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስተምረው። የ2023ቱ ሥራ ያነሳው ጥያቄ ግን «ማን ጀመረው?» የሚል ነው። ቀድሞ ይታመን የነበረው ከኋላ ያለው ፍሰት መጀመሪያ ሚዛን እንደሚያጣ ነበር። እነሱ ያሳዩት ግን ጀማሪው የአረፋው ቅርጽና በዙሪያው ያለው ፍሰት እርስ በእርስ መነካካት መሆኑን ነው። ቅርጹ ፍሰቱን ይለውጣል፣ ፍሰቱ ቅርጹን። አረፋው እንደ ድንጋይ ቅርጹ የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ አይኖርም ነበር።

ለቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን አልነገርኳቸውም። እዚህ ካላችሁ አሁን እወቁት።

እናት_ከሰሚት · ረቡዕ ማታ 1:30

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምስሩን ነገር ስነግራት ወጥ ቤት ሄዳ የምስር ፍሬ አመጣች። በጣቷ ይዛ እያዘነበለች ለወንድሟ ስታስረዳው ነበር።

አሁን ደግሞ ከወንድሟ ጋር ውርርድ ይዛለች። እሱ «ትልቁ አረፋ ሁልጊዜ ይቀድማል» ይላል። እሷ «አይደለም፣ ትልቁ ይወላገዳል፣ ስለዚህ ይዘገያል» ትላለች። ማን ያሸንፋል?

ሜካኒካል_4ኛ_ዓመት · ረቡዕ ማታ 2:05

ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ትናንሾቹ ላይ ልጁ ልክ ነው። 0.1 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው በሰከንድ 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ካወጣው ቀመር ነው።

መሃለኞቹ ላይ ግን ልጅቷ ታሸንፋለች። እጅግ በጠራ ውሃ 1.8 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው አረፋ በሰከንድ 35 ሴንቲሜትር ይደርሳል። 5 ሚሊሜትር የሆነው ግን ወደ 23 ይወርዳል። ትልቁ በትንሹ ተቀደመ ማለት ነው። መወላገዱም መጠፍጠፉም ጉልበቱን ይበላዋል።

በጣም ትልልቆቹ ጋ ደግሞ እንደገና ልጁ ልክ ይሆናል። ቢሮ ውስጥ ያለው ባለ 20 ሊትር የውሃ ማቅረቢያ «ጉርርግ» ሲል የሚወጣውን አረፋ አይታችሁታል? ላዩ ክብ፣ ሥሩ ጠፍጣፋ ነው፤ የእንጉዳይ ራስ ይመስላል። ለእሱ ዴቪስና ጄፍሪ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጡት ቀመር አለ። የአናቱን ጉብታ ሬዲየስ በመሬት ስበት ታባዛላችሁ፣ ስኩዌር ሩቱን ወስዳችሁ ሁለት ሦስተኛውን ትይዛላችሁ። ሬዲየሱ 3 ሴንቲሜትር ከሆነ በሰከንድ 36 ሴንቲሜትር ይመጣል። እኔን የሚያስደንቀኝ ቀመሩ ውስጥ የፈሳሹ ዓይነት አለመኖሩ ነው። የገጽ ውጥረት የለም፣ ዝልግልግነት (የፈሳሹ አልፈስ ባይነት) የለም። ስበትና ቅርጽ ብቻ።

ነርስ_ከባሕር_ዳር · ረቡዕ ማታ 5:20

አሁን የሌሊት ተረኛ ነኝ። ይህን ውይይት ሳነብ የምንሠራበት ዕቃ ፊት ለፊቴ እየተንቦቀቦቀ ነው። ስለዚህ ልጻፍ ብዬ ነው።

የምሠራው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ሳንባቸው ገና ስለሆነ፣ አየር ሲያስወጡ ይጣበቃል። ለዚህ ባብል ሲፓፕ የሚባል ነገር እንጠቀማለን። ኦክስጅን ያለው አየር በአፍንጫቸው ይገባል። የመውጫው ቱቦ ጫፍ ደግሞ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። 5 ሴንቲሜትር ካጠለቅነው፣ አየሩ ለመውጣት የ5 ሴንቲሜትር ውሃ ግፊት ማሸነፍ አለበት። ያ ግፊት የሕፃኑን ሳንባ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። ጥልቀቱን የምንለካው ጠርሙሱ ላይ ባለው መስመር ነው። ውሃው ከጎደለ እንጨምራለን። ሌላ ውስብስብ ነገር የለውም።

እኔ የምፈልገው አረፋውን ነው። ጆሮዬ እሱ ላይ ነው ያለው። አረፋው ከቆመ ከወንበሬ እነሳለሁ። ወይ ቱቦ ተላቋል፣ ወይ አፍንጫው ላይ ያለው አልገጠመም፣ ወይ ልጁ አፉን ከፍቷል። እያንዳንዱ አረፋ ሲላቀቅ ግፊቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሕፃኑ ደረት ላይ እንደ ስስ መንቀጥቀጥ ይታያል። መምህር፣ ያችን «ቡልቅ፣ ቡልቅ» የሚለውን ድምፅ የሚያወጣው አረፋው ነው ወይስ ውሃው?

እናት፣ ለልጅሽ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። በስትሮ ስትነፋ መጠኑ ይለያይባታል። ከፋርማሲ ያልተከፈተ ሲሪንጅ ከነመርፌው ግዢ። የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጠሽ፣ ከታች በጎኑ መርፌውን ወጋ አድርጊና ዙሪያውን በማስቲካ ድፈኚ። በጣም ቀስ ብለሽ ግፊ። ሁሉም አረፋ እኩል ይወጣል። መርፌውን ግን አንቺ ያዢው፤ እሷ ትቁጠር።

ጡረተኛ_የፊዚክስ_መምህር · ሐሙስ ጠዋት 12:50

ልጄ፣ የያዝሽው ሥራ ትልቅ ነው፤ ብርታቱን ይስጥሽ።

ድምፁ የሁለቱም ነው። አረፋው ሲላቀቅ ውስጡ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። በዙሪያው ያለው ውሃ ደግሞ ስፕሪንጉ ላይ እንደተንጠለጠለ ክብደት ነው። ሁለቱ አብረው ይርገበገባሉ። ሚናርት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1933 ቀመሩን አውጥቶታል። በባሕር ወለል ከፍታ 1 ሚሊሜትር ሬዲየስ ያለው አረፋ በሰከንድ 3,300 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። 3 ሚሊሜትር ሲሆን 1,100 ጊዜ። ትልቅ አረፋ ወፍራም ድምፅ፣ ትንሽ አረፋ ቀጭን ድምፅ ነው ያለው። ጠላ ከእንስራ ሲቀዳ የሚሰማው ድምፅም አብዛኛው ይኸው ነው።

ማር_ከጎጃም · ሐሙስ ቀን 6:30

እኔ ማር ነው የምሸጠው። ማር አጥልለን በባልዲ ስናስቀምጥ አረፋው ወዲያው አይወጣም። ትልልቁ በዕለቱ ይወጣል፣ ደቃቁ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ እኛ በማንኪያ እንገፈዋለን። ፀሐይ ካገኘው ይፈጥናል። ከዚሁ ነገር ጋር ይያያዛል?

ሜካኒካል_4ኛ_ዓመት · ሐሙስ ቀን 7:15

በደንብ ይያያዛል። ወፍራም ማር ከውሃ 10,000 እጥፍ ያህል ይዝለገለጋል። በግምት ሳሰላው 1 ሚሊሜትር የሆነ አረፋ 10 ሴንቲሜትር ለመውጣት 20 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል። የ0.1 ሚሊሜትሩ 100 እጥፍ ይዘገያል፤ ከአንድ ቀን በላይ ነው። እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ከስሌቱ ጋር ይገጥማል። ማር ሲሞቅ ዝልግልግነቱ ቶሎ ይወርዳል፣ ስለዚህ አረፋው ይፈጥናል።

ማር ውስጥ ደግሞ 5 ሚሊሜትሩም ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። በጣም ዝግ ስለሚል ውሃ ውስጥ እንዳለው የሚጠፈጥፈው ነገር የለም።

እናት_ከሰሚት · ቅዳሜ ማታ 1:40

ሠራነው! ሙሉ ከሰዓታችንን ወሰደ። ልንገራችሁ።

ነርሷ እንዳለችው አደረግን። የ2 ሊትር ሃይላንድ፣ መርፌ፣ ማስቲካ። መጀመሪያ አፈሰሰብን፤ ማስቲካውን ደርበን ዘጋነው። ከኋላው ማስመሪያ አቆምን። ስልኬ በስሎው ሞሽን በሰከንድ 240 ፍሬም ያነሳል። ልጄ ታች አንድ መስመር፣ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ሌላ መስመር አሰመረች። አረፋው ከመስመር እስከ መስመር ስንት ፍሬም እንደፈጀ አንድ በአንድ እየገፋች ቆጠረች።

በንጹህ የቧንቧ ውሃ አምስት አረፋ ቆጠረች። 208፣ 214፣ 211፣ 209፣ 213። አማካዩ 211 ነው። ሲካፈል 0.88 ሰከንድ፤ በሰከንድ 22.7 ሴንቲሜትር መጣ። አረፋው በማስመሪያው 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚያች 20 ሴንቲሜትር ውስጥ አራት ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ብሏል። እውነትም ምስር ነው የሚመስለው! ወደሚሄድበት በኩል ዘንበል ሲል በግልጽ ይታያል።

ከዚያ ወንድሟ «ላርጎ ብንጨምርስ?» አለ። አንድ ጠብታ ጨምረን ቀስ አድርገን አማሰልን። አረፋው እስኪጠፋ ጠብቀን እንደገና ቆጠረች። 279፣ 286፣ 281። በሰከንድ 17 ሴንቲሜትር! አረፋውም ትንሽ አነሰ። እኔ የመሰለኝ ሳሙና ስለሚያንሸራትት ይፈጥናል ብዬ ነበር። ለምንድነው የዘገየው?

ሐበሻ_ሜሪላንድ · ቅዳሜ ማታ 4:55

ሰላም ሁላችሁም። እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፤ የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ አየር ወደ ገንዳ ሥር መንፋት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሳሙናው ጥያቄ የኔው ነው።

መጀመሪያ ያነሰበት ምክንያት። አረፋውን መርፌው ጫፍ ላይ አጣብቆ የሚይዘው የገጽ ውጥረት ነው። ሳሙና ያን ያላላዋል። ስለዚህ ብዙ ሳያድግ ይላቀቃል። ማነሱ ብቻውን ግን ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ዋናው ይኸውና። ንጹህ አረፋ ሲወጣ ቆዳው አብሮ ይንሸራተታል። ውሃው በላዩ ሲያልፍ የአረፋው ገጽ ከአናቱ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ግጭት የለም ማለት ይቻላል። ሳሙና ሲኖር የሳሙናው ሞለኪውሎች ገጹ ላይ ይለጠፋሉ። ፍሰቱ ጠርጎ ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል። ከኋላ ብዙ ሳሙና፣ ከፊት ትንሽ ሳሙና ይሆናል። ሳሙና የበዛበት ጎን ውጥረቱ ላላ ያለ ነው፣ ያነሰበት ጎን ጠበቅ ያለ። ስለዚህ የጠበቀው የላላውን ወደ ላይ ይስበዋል። ያ መሳሳብ ገጹን ከመንሸራተት ያግደዋል። አረፋው እንደ ጠጣር ኳስ ይሆናል፤ ውሃው ይፋተገዋል።

ሀዳማርድና ሪብቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1911 ለየብቻቸው አስልተውታል። ትንሽ ንጹህ አረፋ ከጠጣር ኳስ 1.5 እጥፍ መፍጠን ነበረበት። ሰዎች ሲለኩት ግን ብዙ ጊዜ አልመጣም። ምክንያቱም ሳሙና ባይጨመርም የቧንቧ ውሃ ውስጥ ቅባት ነገር አይጠፋም። የጣት ወዝ ራሱ ይበቃል። ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ጣት የነካው ብርጭቆ ልኬት ያበላሻል። ስለዚህ ልጅሽ የለካችው 22.7 ለቧንቧ ውሃ የሚጠበቅ ቁጥር ነው፤ ጥሩ አድርጋ ነው የሠራችው።

እኛ ጋ መዘግየቱ ጥቅም ነው። ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ኦክስጅን የሚገባው በአረፋው ገጽ በኩል ነው። አንድ ሚሊሊትር አየር እንደ አንድ አረፋ ብትለቂው ገጹ 5 ካሬ ሴንቲሜትር አይሞላም። በ1 ሚሊሜትር አረፋ ብትበትኚው ወደ 1,900 አረፋ ይሆናል፣ ገጹም 60 ካሬ ሴንቲሜትር ይደርሳል። በዚያ ላይ ደቃቁ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ውሃው ውስጥ ይቆያል። ለዚህ ነው ገንዳችን ሥር ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ጎማ የተዘረጋው። ቀዳዳው ሲደፈንና አረፋው ሲወፍር ከላይ ሆኜ ሳይ ወዲያው አውቀዋለሁ። አረፋው ደቃቅ ሳለ ውሃው በስሱ ይፈላል እንጂ አይንቦቀቦቅም፤ ድንገት ግን አንድ ጥግ መንቦቅቦቅ ይጀምራል።

ጂኦሎጂ_ነኝ · እሑድ ቀን 5:10

ስለ አረፋ ከተነሳ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። እስካሁን የተባለው አረፋው ውሃውን ገለል እያደረገ ስለመውጣቱ ነው። አረፋ ሲበዛ ግን ውሃውን ራሱን ይዞት ይወጣል። አረፋ የበዛበት ውሃ ከጎረቤቱ ስለሚቀል ማለት ነው።

ካሜሩን ውስጥ ናዮስ የሚባል ሐይቅ አለ። ጥልቀቱ 200 ሜትር ያልፋል። ከሥሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባበታል። ከላይ ያለው የውሃ ግፊት ጋዙን አሟሙቶ ይይዘዋል፤ እንደተዘጋ የአምቦ ጠርሙስ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1986 ማታ የታችኛው ውሃ ከፍ አለ። ከፍ ሲል ግፊቱ ቀነሰለት፣ አረፋ ወጣ። አረፋው ውሃውን አቀለለው፣ የቀለለው ውሃ ይበልጥ ወጣ፣ ይበልጥ አረፋ ሆነ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሸለቆውን ይዞ ወረደ። 1,700 ያህል ሰው ሞተ። አብዛኛው ተኝቶ ነበር።

መፍትሔውም ከዚያው አረፋ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 እስከ ሐይቁ ሥር የሚደርስ ቱቦ ተከሉ። መጀመሪያ በፓምፕ ውሃውን ትንሽ ሳቡት። ከዚያ ፓምፑ ተዘጋ። ቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ ራሱ ውሃውን እየሳበ፣ 50 ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ እየተረጨ ጋዙን ማስወጣት ቀጠለ።

ቢኒ_መገናኛ · እሑድ ቀን 5:25

የኛ ሐይቆችስ? ላንጋኖ ልንሄድ ነበር እኮ።

ጂኦሎጂ_ነኝ · እሑድ ቀን 5:40

ሂዱ፣ ዋኙ። ጋዝ በዚህ ዓይነት ያጠራቀሙ ሐይቆች ተብለው የሚታወቁት ሦስት ናቸው። ናዮስ፣ እዚያው ካሜሩን ያለው ሞኖውን፣ እና በሩዋንዳና በኮንጎ መሃል ያለው ኪቩ። ጋዝ ከሥር መግባት ብቻውን አይበቃም፤ ሐይቁ ጥልቅ መሆን አለበት፣ የታችኛውና የላይኛው ውሃም ሳይደባለቁ ለብዙ ዓመት መቆየት አለባቸው።

እናት_ከሰሚት · እሑድ ማታ 2:00

የናዮስን ነገር ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፤ ሲያድጉ ያነቡታል።

ሌላውን ሁሉ ግን ነገርኳቸው። ዛሬ ደግሞ ልጄ ወደ አምቦዋ ተመለሰች። ስልኬን ተቀብላ ያችን የአረፋ ክር ፎቶ አነሳች። አሳድጋ አየችው። «እማዬ፣ ታች ላይ ተጠጋግተዋል፣ ላይ ላይ ተራርቀዋል» አለች። በማስመሪያ ለካችው። ታች በአረፋና በአረፋ መሃል 2 ሚሊሜትር፣ ላይ 9 ሚሊሜትር። መምህር፣ ይሄስ ምንድነው?

ጡረተኛ_የፊዚክስ_መምህር · እሑድ ማታ 2:45

እኔ ተማሪ ሆኜ ይህን ልብ አላልኩም። እሷ በዘጠኝ ዓመቷ አየችው።

አረፋዎቹ ከዚያች ነጥብ የሚነሱት እኩል እኩል ጊዜ እየጠበቁ ነው። ነጥቧ ብዙ ጊዜ ብርጭቆው ከተወለወለበት ጨርቅ የቀረች ደቃቅ ክር ወይም ጭረት ናት፤ ውስጧ ትንሽ ጋዝ ይዛለች። በመካከላቸው ያለው ጊዜ እኩል ከሆነ፣ ርቀታቸው የሚለያየው ፍጥነታቸው ሲለያይ ነው። ላይ ያለው ከታቹ 4.5 እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። የሚፈጥነው ስለሚያድግ ነው። እየወጣ ሳለ ውሃው ውስጥ የሟሟው ጋዝ ወደ አረፋው ይገባል። አድጎም ብዙውን ጊዜ 1.85 ሚሊሜትር ሳይደርስ ላዩ ላይ ይፈነዳል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ያየችው ክር ቀጥ ያለው።

እናት_ከሰሚት · እሑድ ማታ 3:05

አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው። «ብርጭቆው ረጅም ቢሆን ኖሮ ከመሃል በኋላ መወላገድ ይጀምር ነበር?» ትላለች። ደግሞ ነገ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ አምቦና ያልቀዘቀዘ አምቦ ላወዳድር ነው ብላለች።

ጡረተኛ_የፊዚክስ_መምህር · እሑድ ማታ 3:20

1.85 ለመድረስ በቂ ርዝመትና በቂ ጋዝ ካገኘ፣ አዎ ይጀምራል።

ለነገው ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ብርጭቆ ትሥራ። በመሃል አጥባ በጨርቅ አትወልውለው፤ አዲስ ክር ይገባበታል፣ ነጥቧም ትለወጣለች። ደፍታ ታንጠፍጥፈው። ፎቶውን ሁለቱንም ጊዜ ከተቀዳ አንድ ደቂቃ ሲሆነው ታንሳ። ቁጥሮቹን እዚህ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።